«ቪዲዮውን ማታ አይታችሁ ኑ» ለተባላችሁ፦ በተገለበጠ ክፍል ለመማር ዝርዝር መመሪያ

መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ይገባና «እዚህ ኮርስ ላይ ሌክቸር የለም። ቪዲዮውን ማታ አይታችሁ ትመጣላችሁ፤ ክፍል ውስጥ ጥያቄ እንሠራለን» ይላል። ክፍሉ ጭጭ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ታዲያ ደሞዙን ለምን ይበላል?» ብሎ ያንሾካሽካል። አካባቢው ይስቃል።

ቅሬታው ይገባኛል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የለመድነው መምህር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ መገልበጥ፣ ከዚያ ቤት ሄዶ የቤት ሥራ መሥራት ነው። ፍሊፕድ ክላስሩም ወይም የተገለበጠ ክፍል የሚባለው አሠራር ይህን ያዞረዋል። ገለጻው ቤት፣ የቤት ሥራው ክፍል። በሰፊው ያስተዋወቁት ሁለት የኬሚስትሪ መምህራን ናቸው፤ ጆናታን በርግማን እና አሮን ሳምስ። አሜሪካ ውስጥ በኮሎራዶ ግዛት፣ ዉድላንድ ፓርክ በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው ለስፖርት ውድድርና ለሌላም ጉዳይ ሲሄዱ ክፍል ይቀሩባቸዋል። ስለዚህ በ2007 እ.ኤ.አ. ትምህርታቸውን እየቀረጹ ኢንተርኔት ላይ መጫን ጀመሩ። ቆይተው ግን ሌላ ነገር ታያቸው። ተማሪ መምህሩን አጠገቡ የሚፈልገው ጥያቄ ይዞ ሲታገል ነው። ገለጻውንማ ብቻውን መስማት ይችላል። የክፍሉን ሰዓት ለትግሉ አዋሉት።

እኛ አገር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ትዝ ይለዋል። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ «አሁን ይህን ጥያቄ ሥሩ» ይልና እስክሪብቶ ሳታነሱ መልሱን ይናገራል። ማስቆም የለም። የዛሬው ቪዲዮ ከዚያ የሚሻለው በአንድ ቁልፍ ነው፤ ማቆሚያው እናንተ እጅ ላይ ነው። ይህን ቁልፍ የማይጫን ተማሪ ፕላዝማውን ወደ ስልኩ አዛወረ እንጂ ሌላ ያገኘው ነገር የለም።

በዚህ አሠራር ቪዲዮ የማያይ ተማሪ እንደሚቸገር ግልጽ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አይቶ የሚቸገረው ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ አይቷል፣ «ገብቶኛል» ብሎ ተኝቷል፣ ጠዋት ክፍል ሲገባ ግን የሚጠይቀው የለውም። የሚሠራው ጥያቄ ሲመጣም እጁ አይንቀሳቀስም። ከታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነው፦ ክፍል ስትገቡ የተጻፈ ጥያቄ በእጃችሁ መኖር አለበት። በዋናነት የማወራው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በተለይም ለፍሬሽማን ነው።

አንድ፦ በመጀመሪያው ሳምንት ሕጉን አጣሩ

ይህን ማንም አያደርገውም፤ በኋላ ግን ሁሉም ያማርራል። መምህሩ ኮርሱን ሲያስተዋውቅ እጃችሁን አውጡና እነዚህን ጠይቁ።

ቪዲዮው የሚቀመጠው የት ነው? ቴሌግራም ቻናል ላይ፣ ጉግል ክላስሩም ላይ ወይስ ሙድል በሚባለው የዩኒቨርሲቲው የኮርስ ድረ ገጽ? ሦስቱም ቦታ ከተበተነ አንዱ ማምለጡ አይቀርም፤ አንድ ቦታ እንዲሆን ለምኑ። ከክፍሉ ስንት ቀን ቀድሞ ይለቀቃል? ማታ 4 ሰዓት ተለቅቆ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ከሆነ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ሁለት ሙሉ ቀን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ኩዊዝ አለው ወይ? ካለው ከመቶ ስንት ይይዛል? ስላይዱ ወይም ሀንድአውቱ አብሮ ይሰጣል?

ደግሞ አንዷን እንዳትረሱ፦ «መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋስ?» ብላችሁ ከወዲሁ አስመልሱ። መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት በደህና ስሜት የሚሰጠው መልስ፣ በስምንተኛው ሳምንት ኩዊዝ ካመለጣችሁ በኋላ ከሚሰጠው መልስ በጣም የተለየ ነው።

ሁለት፦ ቪዲዮውን ስልካችሁ ውስጥ አስገቡ

ስለ ተገለበጠ ክፍል የሚወራው ብዙው ነገር ኢንተርኔት እንደ ውሃ በሚፈስበት አገር ያለ ተማሪን አስቦ ነው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚፈታው ዳታና መብራት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ጥራቱን ቀንሱ። ዩቲዩብ ኔትወርኩ ጥሩ ከሆነ በራሱ ጥራቱን ከፍ ያደርጋል፤ ጥቅላችሁን የሚበላውም ያ ነው። ለስልክ ስክሪን 360 ይበቃል። አሥር ደቂቃ ቪዲዮ በ360 ብዙ ጊዜ ከ50 ሜጋ ባይት አይዘልም። በ720 ግን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ቀመር አልነበብ ካለ ወደ 480 ከፍ አድርጉ። መምህሩ ስላይድ ላይ ብቻ የሚያወራ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ድምፁን ለብቻው ይላክላችሁ። አሥር ደቂቃ ድምፅ 5 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው። ስላይዱን ፒዲኤፍ ከፍቶ ድምፁን እየሰሙ መከታተል ከቪዲዮው ብዙም አያንስም።

ቴሌግራም ላይ የራሱን ማውረድ አጥፉት። ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለው ስር ገብታችሁ በሞባይል ዳታ ሲሆን ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ዝጉት። ያለዚያ የክፍሉ ግሩፕ ላይ የሚለቀቀው ቀልድ ሁሉ የኬሚስትሪውን ዳታ ይጨርሰዋል። ሌላው፣ ቴሌግራም ላይ ተከፍቶ የታየ ቪዲዮ ካሼው (ጊዜያዊ ማከማቻው) ሲጸዳ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የምትፈልጉትን ወደ ጋለሪ ወይም ወደ ዳውንሎድ ፎልደር አስቀምጡት።

አንድ ሰው ያውርድ፣ ሌላው ይቀበል። ዶርም ውስጥ ያላችሁት ሁሉ ያንኑ ቪዲዮ በየራሳችሁ ዳታ የምታወርዱበት ምክንያት የለም። በዜንደር ወይም በኩዊክ ሼር ያለ ምንም ዳታ ይተላለፋል። ተራ አውጡ፤ በዚህ ሳምንት እሱ፣ በሚቀጥለው እሷ። የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳል። የካምፓስ ዋይፋይም ሰው ሲተኛ ይፈጥናል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው ካለ ሥራውን ለእሱ ስጡት። የግሩፑ አውራጅ ማለት እሱ ነው፤ ማክያቶ ጋብዙት።

መብራትን በተመለከተ ብልሃቱ አንድ ነው። ቪዲዮውን ለመጨረሻው ማታ አታቆዩ። ሲለቀቅ አውርዱ፣ መብራት ሲኖር ስልኩን ሙሉ አድርጉ፣ በማግስቱ በቀን እዩት። «ማታ አየዋለሁ» የሚል እቅድ መብራቱ ማታ እንደሚኖር ቃል የገባለት ሰው እቅድ ነው።

ሦስት፦ አትዩት፤ ሥሩበት

የመመሪያው ዋናው ክፍል ይህ ነው።

ከመጫናችሁ በፊት ስላይዱን ወይም የሀንድአውቱን ርእሶች ሁለት ደቂቃ ገረፍ አድርጉ። ከዚያ ደብተር ላይ አንድ መስመር ጻፉ፦ «ይህ ስለ ምን ይመስለኛል?» መሳሳት ምንም አይደለም። ግምት የያዘ ጭንቅላት ሲሰማ ነቅቶ ይሰማል።

ቪዲዮውን ቆራርጡት። ኢዴክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ቪዲዮዎች ላይ የተሠራ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነበር። ወደ 6.9 ሚሊዮን የሚጠጉ የቪዲዮ እይታዎችን መርምሮ፣ ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም ተማሪው ብዙ ጊዜ ከስድስት ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አሳየ። መምህራችሁ የ45 ደቂቃ ቪዲዮ ከላከ ጥፋቱ የእሱ ነው። መቀሱ ግን እናንተ ጋ አለ። በየስድስት ደቂቃው አቁሙ።

ስታቆሙ ምን ታደርጋላችሁ? ወደ ኋላ መልሳችሁ አትዩ። ስልኩን ገልብጡትና ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሳችሁትን ጻፉ። ያማል። ሦስት መስመር ጽፋችሁ ትደርቃላችሁ። ጥቅሙ ያለው እዚያ ድርቀት ላይ ነው። ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡና አንብበው ከጭንቅላታቸው ለመጻፍ የሞከሩ ተማሪዎችን አወዳድረዋል። ወዲያው ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ለመጻፍ የታገሉት በግልጽ በለጡ። ፈተና ደግሞ በዚያው ማታ አይመጣም።

ስለ ቋንቋው ግልጽ እናውራ። ብዙዎቻችን አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ተምረናል፤ ቪዲዮው ግን እንግሊዝኛ ነው፣ አንዳንዴም አነጋገሩ ያልለመድነው የሕንድ ወይም የአሜሪካ መምህር ነው። ሦስት ነገር ይረዳል። ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርዱት፤ ለዚህ ማንም አይስቅባችሁም፣ ጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ያላችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ዩቲዩብ ላይ ንግግሩን በጽሑፍ የሚያወጣውን (CC የሚለውን) ምልክት ክፈቱ፤ ስም ያበላሻል እንጂ አብዛኛውን በትክክል ያወጣል። ሦስተኛው፣ ከጭንቅላታችሁ ስትጽፉ በምታስቡበት ቋንቋ ጻፉ። ቃሉን በእንግሊዝኛ ያዙት፣ ማብራሪያውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ። «ሊሚቲንግ ሪአክታንት ማለት ቀድሞ የሚያልቀው ነው፤ እሱ ሲያልቅ ሥራው ይቆማል» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ የእንግሊዝኛውን ፍቺ ሸምድዶ ከጻፈው ይልቅ ገብቶታል።

ርእሱን ከ12ኛ ክፍል የምታውቁት ከሆነ ደግሞ 1.5 ላይ አሩጡት። ጊዜ ትቆጥባላችሁ። እንደምታውቁት እርግጠኛ ካልሆናችሁ ግን አታሩጡ። «ይህንማ አውቀዋለሁ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ርእሱ ብቻ ነው።

ለወላጅ አንድ ቃል፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ልጅ ለምታሳድጉ የአገራችን ሰዎች። ልጃችሁ ማታ ታብሌት ይዞ «የቤት ሥራዬ ቪዲዮ ማየት ነው» ቢል ውሸት ላይሆን ይችላል። ከመቆጣት በፊት «ምን ጽፈሃል? አሳየኝ» በሉት። የጻፈው ነገር ካለ እየተማረ ነው። ከሌለ ቁጣው ይቀጥል።

አራት፦ ጥያቄውን ቅረጹ

«አልገባኝም» ጥያቄ አይደለም። መምህሩ ከየት ይጀምርላችሁ? ጥሩ ጥያቄ ሦስት ነገር ይይዛል፦ የት ደቂቃ ላይ እንደቆማችሁ፣ እስከዚያ ምን እንደገባችሁ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደመሰላችሁ።

በምሳሌ ላሳይ። ቪዲዮው ስለ ሊሚቲንግ ሪአክታንት ነው። 4 ግራም ሀይድሮጅን እና 16 ግራም ኦክስጅን ተሰጥቷል፤ ስንት ግራም ውሃ ይወጣል? መምህሩ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው ይላል። አንዷ ተማሪ ደብተሯ ላይ እንዲህ ጻፈች እንበል፦ «4 ደቂቃ ከ20 ላይ። ሁለት ሀይድሮጅን ከአንድ ኦክስጅን ጋር እንደሚዋሃድ ገብቶኛል። ግን ኦክስጅኑ 16 ነው፣ ሀይድሮጅኑ 4። አራት እጥፍ የሚበልጠው እንዴት ቀድሞ ያልቃል? ሀይድሮጅኑ ነው ማለቅ ያለበት።»

ስህተቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ግራምን ቆጠረች፣ ሞልን (የቅንጣቶቹን ብዛት የሚለካውን) አልቆጠረችም። ይህን ጥያቄ ያየ ማንኛውም መምህር በአንድ ደቂቃ ይፈታላታል። «ስቶይኪዮሜትሪ (የኬሚካል ለውጥ ስሌት) ከበደኝ» ብትለው ግን ግማሽ ሰዓት ያወራና ያችን ነጥብ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

ሁሉም ነገር ከገባችሁስ? እሱም ያጋጥማል። ያኔ ከቪዲዮው ምሳሌ ላይ አንድ ቁጥር ቀይራችሁ ሥሩት። ከወጣ ደህና፣ እውነትም ገብቷችኋል። ካልወጣ ጥያቄያችሁን አገኛችሁ።

አምስት፦ ኩዊዙን አትኮርጁ፤ ምክንያቱ ከምታስቡት ሌላ ነው

ከክፍል በፊት የሚሰጠው አጭር ኩዊዝ ነጥቡ ትንሽ ነው። በቴሌግራም መልሱ ይዞራል፣ ሁሉም ያንኑ ይሞላል፣ ሁሉም አሥር ከአሥር ያገኛል። ስነ ምግባሩን ለእናንተ ልተወው። እኔ ስለ ጥቅማችሁ ላውራ።

ጥሩ መምህር ያንን ኩዊዝ የሚያወጣው ለማርክ ብሎ አይደለም። ክፍል ከመግባቱ በፊት ያየዋል። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ሰው ከወደቀ ሰዓቱን የሚያውለው እዚያ ላይ ነው። አሁን ሁሉም በኩረጃ አሥር ካገኘ ምን ያስባል? «ይህማ ገብቷቸዋል» ብሎ ይዘለዋል። ማንም ያልገባውን ነገር ማንም ሳያስረዳው ኮርሱ ያልፋል፤ ፋይናል ላይ ግን ይመጣል። ስለዚህ በኩዊዙ ላይ በሐቀኝነት መሳሳት ለመምህሩ መልእክት መላክ ነው።

ስድስት፦ ክፍል ውስጥ

እዚህ ሦስት ዓይነት ሰው አለ፦ ሳያይ የመጣ፣ አይቶ የሚፈራ፣ አይቶ ሁሉንም የሚቆጣጠር።

ሳታዩ ከመጣችሁ ለቡድናችሁ ንገሩ። «አላየሁም፤ በሁለት ደቂቃ አስረዱኝ» ማለት ያሳፍራል፣ ግን ያስተምራል፤ ለሚያስረዳውም ይጠቅመዋል። ጠረጴዛ ስር ስልክ ደብቆ በ2 ፍጥነት ለማየት መሞከር ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ከቪዲዮውም ከክፍሉም አትሆኑም።

የሚፈራው ሰው ጉዳይ ሰፋ ይላል። ይሉኝታ አለ። እንግሊዝኛዬ ይሳቅበታል የሚል ስጋት አለ። ሲያድግ «ዝም ብሎ የሚሰማ ጨዋ ልጅ» እየተባለ የተመሰገነ ሰው አሁን ድንገት ተከራከር ይባላል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ የምመክረው ጥያቄውን ማታውኑ በጽሑፍ ለመምህሩ መላክ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ «አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቋል» ብሎ ይጀምራል፤ ስማችሁ ሳይነሳ ጥያቄያችሁ ይመለሳል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድምፁ ራሱ ይመጣል። በቡድን ስትወያዩም በሚቀናችሁ ቋንቋ ተወያዩ፤ እንግሊዝኛው ለማቅረቢያው ይቆይ።

ቡድን ሲባል ብዙዎቻችን አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪ ቡድን አደረጃጀት ትዝ ይለናል፤ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። ይህ እንዳይደገም ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። የሐርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። ጥያቄው ይቀርባል፤ ሁሉም ለብቻው ዝም ብሎ ያስባል፤ መልስ ይመርጣል፤ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ለማሳመን ይሞክራል፤ በመጨረሻ እንደገና ይመርጣል። መምህራችሁ ይህን ባያደርግም አራት ሆናችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ዋናዋ ነገር የመጀመሪያዋ የዝምታ ደቂቃ ናት። ያለ እሷ ፈጣኑ ልጅ መልሱን ይናገራል፣ ሌላው ያንኑ ይጽፋል። ከዝምታው በኋላ ደግሞ መጀመሪያ የሚናገረው እርግጠኛ ያልሆነው ሰው ይሁን።

ያቺ የ16 ግራሟ ልጅ ቡድኗ ውስጥ ጥያቄዋን አነበበች እንበል። ጓደኛዋ እንዲህ ትላታለች፦ «ግራሙን ተዪው፣ ሞል ቁጠሪ። ሀይድሮጅን አንዱ ሞል 2 ግራም ነው፤ 4 ለ 2 ሲካፈል 2 ሞል። ኦክስጅን አንዱ ሞል 32 ግራም ነው፤ 16 ለ 32፣ ግማሽ ሞል ብቻ። 2 ሞል ሀይድሮጅን 1 ሞል ኦክስጅን ይፈልጋል። ያለን ግማሽ ነው።» ልጅቷም ቀሪውን ራሷ ትጨርሰዋለች፦ ግማሽ ሞል ኦክስጅን 1 ሞል ውሃ ይሰጣል፣ 18 ግራም። 2 ግራም ሀይድሮጅን ይተርፋል። 18 እና 2 ሲደመር 20፤ 4 እና 16ም 20። ልክ ነው። ይህ ንግግር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ማታ ያቺ መስመር ባትጻፍ ኖሮ አይነሳም ነበር።

ሁሉን ለምትቆጣጠሩት ፈጣኖች ደግሞ፦ መልሱን ከመናገር ይልቅ «አንተ እንዴት አሰብከው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጊዜያችሁ የባከነ ከመሰላችሁ ለማስረዳት ሞክሩ። የሚያስረዱት ነገር ላይ ቀዳዳው ወዲያው ይታያል።

ሰባት፦ «ዛሬ ምንም አልተማርኩም» የሚለውን ስሜት አትመኑ

በ2019 እ.ኤ.አ. ሉዊ ዴስሎሪየር እና ባልደረቦቹ በሐርቫርድ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት አለ። አንዱ ቡድን ጥሩ ሌክቸር ሰማ፣ ሌላው እየተወያየና እየሠራ ተማረ። እየሠሩ የተማሩት ፈተና ላይ በለጡ። ግን «ምን ያህል የተማርክ ይመስልሃል?» ሲባሉ፣ ሌክቸር የሰሙት የበለጠ የተማሩ መስሏቸው ነበር። የሚፈስ ሌክቸር የመረዳት ስሜት ይሰጣል። ትግል ደግሞ የመደንቆር ስሜት ይሰጣል። ስሜቱ ግን ከውጤቱ ጋር አይሄድም።

ስለዚህ ከክፍል እንደወጣችሁ ራሳችሁን በስሜት አትመዝኑ። በዚያው ቀን ክፍል ውስጥ ከተሠሩት ጥያቄዎች አንዱን መልሱን ሳታዩ ከባዶ ወረቀት ሥሩ። አንድ ይበቃል። የዚያን ቀን ትምህርት መግባት አለመግባቱን እሱ ይነግራችኋል።

ስምንት፦ ሲከመርባችሁ

ሁለት ሦስት ኮርስ ባንድ ላይ እንዲህ ከሆነ ማታው አይበቃም። እያንዳንዱ መምህር «ሃያ ደቂቃ ብቻ ናት» ይላል፤ የሌላውን ሃያ ደቂቃ አያይም። ደግሞ ሃያ ደቂቃ ቪዲዮ እያቆሙና እየጻፉ ሲታይ አርባ፣ ሃምሳ ደቂቃ ይወስዳል። እቅድ ስታወጡ እጥፉን ያዙ። የሥራ ሰዓት ላለው የማታና የቅዳሜ ተማሪ ይህ ሂሳብ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ታክሲ ውስጥ ድምፁን መስማት ይችላል፤ መጻፉ ግን ወንበር ይፈልጋል።

አንድ ሳምንት ካመለጣችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። ብዙ ሰው እዚህ ይሰምጣል፤ ያለፈውን ሲያሳድድ የነገውም ያልፈዋል። የነገውን ቪዲዮ ቅድሚያ ስጡ። እያያችሁ «ይህ ከየት መጣ?» ያላችሁበት ቦታ ሲደርስ፣ ካመለጣችሁ ቪዲዮ ያንኑ ክፍል ብቻ ፈልጋችሁ እዩ። ቀሪውን ቅዳሜና እሁድ ታደርሱታላችሁ።

ዘጠኝ፦ ጥፋቱ የመምህሩ ሲሆን

ሁሉንም ነገር ተማሪው ላይ መጣል ልክ አይደለም። ሌክቸሩን ቪዲዮ አድርጎ ክፍሉን ባዶ የሚተው መምህር አለ። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ የሚጭን አለ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ማንም አላየም ብሎ ክፍል ውስጥ ያንኑ ቪዲዮ እንደ አዲስ የሚያስተምረው ነው። ያዩት ልጆች ተሰላችተው ይቀመጣሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እነሱም አያዩም። አሠራሩ በዚሁ ይሞታል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር በግል አትነታረኩ። በክፍል ተጠሪያችሁ በኩል፣ በጽሑፍ፣ ከመፍትሔ ጋር አቅርቡ። ቅሬታ ብቻ ከሆነ መምህሩ ይከላከላል። መፍትሔ ካለው ግን ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህን እንደ መነሻ መጠቀም ትችላላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የክፍሉ ተማሪዎች በኮርሱ አሰጣጥ ላይ ተነጋግረን ሦስት ነገር እንድጠይቅዎ ወክለውኛል። ቪዲዮዎቹ ረጅም በመሆናቸው በሞባይል ዳታ ለማውረድ ተቸግረናል፤ ከአሥር ደቂቃ ባልበለጡ ክፍሎች ቢከፈሉልንና ስላይዱ አብሮ ቢላክልን። ከክፍሉ ሁለት ቀን ቀድመው ቢለቀቁልን። ክፍል ውስጥ ደግሞ ቪዲዮውን ከመድገም ይልቅ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ማታ በላክንልዎ ጥያቄዎች ላይ ቢያብራሩልን። ጥያቄዎቹን ከክፍሉ በፊት ባለው ማታ እስከ 3 ሰዓት ሰብስቤ እልክልዎታለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እልካለሁ የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር። መምህሩ እሺ ካለ በኋላ ጥያቄዎቹ በሰዓቱ ካልደረሱት ወደ ድሮው ይመለሳል፤ አይፈረድበትምም። ተጠሪው ከክፍሉ በፊት በነበረው ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ግሩፑ ላይ ማስታወሻ ይልቀቅ፤ አምስትም ጥያቄ ይምጣ አሥር፣ የመጣውን አጠናቅሮ ይላክ።